ድፎ አይደለም፣ እንጀራ ነው

ደመቀን ያገኙት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ገደሉ ሥር፣ ራሱ የቆፈራት ጉድጓድ አፍ ላይ፣ በደረቱ ተደፍቶ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ በቃ ሃያ ሰባት፣ ሹራቡ እንኳ ገና አዲስ ነው። አጠገቡ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ጥቁር ድንጋይ ደም ነክቶት ተቀምጧል። ደብተሩ ደግሞ ክፍት ነው፣ መጨረሻ ላይ የጻፈው አራት ቃል ብቻ፤ «ድፎ አይደለም፣ እንጀራ ነው።»

አሁን ይኼ ምን ይባላል? ሰው እንዴት የመጨረሻ ቃሉ ስለ ዳቦ ይሆናል?

ጊዜው ጥር 1974 ነው፣ ቦታው ጭልጋ፣ ከአይከል ከተማ ወረድ ብሎ። የድንጋይ ከሰል ፈላጊዎች እዚያ ድንኳን ተክለው ዓመት ሊሞላቸው ነው። ደመቀ ጂኦሎጂስት ነበር፣ የድንጋይ ሐኪም በሉት። ገደሉ አናት ላይ ደግሞ መንደር አለ። ከሰሉ ብዙ ነው ከተባለ መንደሩ በሙሉ ይነሳና ቆላ ይሰፍራል፣ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

አያ ላቀው የሚባሉት ገበሬ ይኼን ሰምተው ዝም አላሉም። የመለኪያ ችካሉን ሦስት ጊዜ ነቅለው ጥለዋል፣ አንድ ቀንማ ደመቀን ሰው ሁሉ እያየ በዱላ አባረውታል። ስለዚህ ደመቀ ሞቶ ሲገኝ ማን እንደገደለው ለማሰብ ደቂቃ የፈጀ ሰው አልነበረም። የቡድኑ መሪ አቶ የሻው ደግሞ ድንጋዩ ከአናት ሲለቀቅ ከድንኳኔ ደጅ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። አያ ላቀውን ከአውድማቸው አምጥተው፣ እጃቸውን የኋሊት አስረው፣ የናፍጣ በርሜል አስደግፈው አስቀመጧቸው። እንደታሰሩ አደሩ።

ሃምሳ አለቃ አምሳል በማግሥቱ ጧት ከጎንደር በላንድሮቨር ደረሰች። አጭር ናት፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ እንኳ በደንብ አይሰማም፣ ግን ዝም ብላ ስታይህ ያልተጠየቅከውን ሁሉ ትለፈልፋለህ፣ እንደዚያ ዓይነት ሴት ናት። ፖሊስ ጣቢያ ስምንት ዓመት ስትሠራ እናቷን ያየ ሰው የለም። ሲጠይቋት ገብስ ነጋዴ ናት ትላለች፣ ወሬው እዚያው ያልቃል። አብሯት የመጣው አሥር አለቃ ምናለ ነው፣ ከእሷ ጋር ከአንድ ሰሃን የሚበላ፣ እንደ ወንድም።

የተቀበላቸው ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ጓድ ዳኛው ነው።

«ጓድ አምሳል፣ ጉዳዩ አልቋል» አላት። «ፀረ አብዮት ገበሬ ነው። ቅጹን ሙይና ፈርሚ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዤው እሄዳለሁ።»

የት እንደሚወስዳቸው ማንም አልጠየቀም። በእሱ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ስለሌለ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። የአያ ላቀው ልጅ ወይንሸት የአባቷን ጋቢ አቅፋ ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች፣ ከትናንት ጀምራ፣ ሳትቀመጥ። ላልብሰው ብላ ለምና ከልክለዋታል።

አምሳል ደብተሩ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ ጠየቀች። ዳኛው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኮድ ነው። ‹ድፎ› ከባድ መሣሪያ፣ ‹እንጀራ› ጥይት። ሟቹም ንጹሕ አልነበረም ማለት ነው። ለበላይ አካል ቴሌግራም መትቻለሁ።»

ምናለ ወደ አምሳል ጆሮ ተጠጋ። «ወጥ የሚል ቃል ከተገኘማ ጦር ኃይሎች ሊጠሩ ነው» አላት። እሷ አልሳቀችም። ሰዓቷን አየች፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ስድስት ሰዓት እንኳ አልቀራትም።

መጀመሪያ ሄዳ አያ ላቀው ፊት ቁጢጥ አለች።

«አያ ላቀው፣ ትናንት የት ዋሉ?»

«አውድማዬ ላይ ነዋ፣ ጤፍ ሳበራይ።»

«ድንጋይ ለቀዋል?»

«ገለባ ነው የደፋሁ። ገለባ ሰው ይገድላል ልጄ?»

«ደመቀን ይጠሉት ነበር?»

«አዎን» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

አምሳልን ልቧን የነካት ይኼ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን፣ እጅህ የኋሊት ታስሮ፣ አዎን ማለት! ነፍሱን ሊያድን የሚዋሽ ሰው ስታይ ነው የኖረችው፣ እኚህ ግን ነፍሳቸውን ትተው እውነቱን ነገሯት። ተነስታ ወደ ድንጋዩ ሄደች።

ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ድፍን፣ እንደ ብረት የሚከብድ። ስትገለብጠው ግን አንደኛው ፊቱ ላይ ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው ቀይ ነገር ተጣብቋል። በጥፍሯ ጫረችው፣ አይጫርም። በቀለበቷ መታ መታ ስታደርገው ቅጭል አለ። ዙሪያዋን አየች፣ ማንም አያያትም፣ ከቀዩ ነገር ቁራሽ ሰብራ ምላሷ ላይ አደረገችው። ምላሷን ያዝ አደረገው። ቁራሹን መሐረብ ውስጥ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

የቁፋሮ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ቢሻው፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ የሆነ ትልቅ ሰውዬ፣ ማሽኑ ጧት ከተነሳ እስከ አሥር ሰዓት እንዳልቆመ ነገራት። እጅ ካልያዘው ይጠፋል፣ ከጠፋ ደግሞ ሸለቆው ሁሉ ጭጭ ይላል፣ ይኼን ድንኳን ጠባቂውም ምግብ አብሳዩም መስክረዋል። እሱ ከሚቆምበት ቦታ ገደሉ ሥር አይታይም፣ ትይዩው የአያ ላቀው አውድማ ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ በሬዎቹን ሲያዞሩ ከዓይኑ አልጠፉም፣ ሁለቴ ብቻ ገለባ ሊደፉ ወደ ገደሉ ጫፍ ጠጋ ብለዋል።

«ያቺ ሁለቴ ናት ያስያዘችው» አለ ቢሻው። «እኔ ነኝ ያልኩት። አፌን በቆረጠው።»

«ከላይ ወደዚህ ለመውረድ ስንት ይፈጃል?»

«ዙሪያ ነው መንገዱ። ለፍየል አንድ ሰዓት። ለሰው ትንሽ ይበዛል።»

አምሳል ራሷ ወጣች። ምናለ ከኋላዋ እያለከለከ እኔ ፍየል አይደለሁም እያለ ያጉረመርማል። ስትወጣ ገደሉን ከእግሩ እስከ ራሱ እያነበበች ነው። ከታች፣ ደመቀ የቆፈረበት ጋ፣ ቀይ መስመር አለ፣ እንደ መቀነት ገደሉን የዞረ። ከሱ በላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ሦስት ሰው ቁመት። ጥቁሩ ድንጋይ አናቱ አካባቢ ሲደርስ ድፍን መሆኑ ይቀርና ዓይን በዓይን ይሆናል፣ ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶታል። ከዚያ በላይ እስከ አውድማው ድረስ ግራጫ ጭቃ አፈር ነው፣ ለስላሳ፣ በጣት የሚፈርስ። ቀይ የሚባል ነገር ላይኛው ገደል ላይ የለም። አውድማውን ዞረች፣ ጫፉን ዞረች፣ አጥሩን አየች። የለም። ከግራጫው አፈር ቆንጠር አድርጋ በሌላኛው ኪሷ ይዛ ወረደች።

አቶ የሻው ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፣ ጢሙ ሸብቷል፣ ዓይኑ አብጧል። የደመቀን ሬሳ የሸፈነው በራሱ ካፖርት ነው፣ በዚያ ብርድ። እኔ ነኝ ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኩት፣ ልጄ ማለት ነበር አለና ንግግሩን መጨረስ አቃተው። ማንም ቢያየው ያዝንለታል፣ አምሳልም አዘነችለት፣ ይኼን መደበቅ አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ ደብተሩ ላይ የጻፈው ምንድን ነው?»

«እንጃ ልጄ። ሲርበው እንደዚያ ይቀልድ ነበር። ድንጋይ ሁሉ ምግብ ይመስለዋል።»

ከሰዓት ሐረገወይን ጋ ሄደች። ሐረገወይን ካርታ ነዳፊዋ ናት፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ከሾፌሩ ጋር አይከል ስትገበያይ ውላ ተመልሳ ነው ሬሳውን ያገኘችው። ጠረጴዛዋ ላይ ደመቀ ያላለቀ ካርታ ትቶላታል፣ እርሳሱን ልክ እሱ ባስቀመጠበት ትታዋለች፣ ሰው እንዲነካው አትፈልግም። ስለ ድፎው ስትጠየቅ መጀመሪያ ፈገግ አለች፣ ወዲያው ፊቷ ጨለመ።

«ቀልድ ማን አለሽ? ትምህርት ነው እኮ። ጋሼ የሻው ነው ያስተማረው።»

ሣጥን ከፍታ አሮጌ ደብተር አወጣች፣ የደመቀ የተማሪነት ደብተር። ገለጠችላት። አምሳል ሁለቴ አነበበችው፣ ከዚያ ደብተሩን ልያዘው ብላ ለመነቻት። ሰዓቷ ስምንት ይላል።

ሁሉንም ትልቁ ድንኳን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሻው፣ ቢሻው፣ ሐረገወይን፣ ጓድ ዳኛው፣ ምናለ። አያ ላቀውም እንደታሰሩ መጡ፣ ወይንሸት በር ላይ ቆመች። ጠረጴዛው ላይ ውኃ የሞላ ሁለት ብርጭቆ አለ። ዳኛው የመኪናውን ሞተር እንዲያስነሱ ነግሮ ነው የገባው፣ ድምፁ ይሰማል።

አምሳል ከኪሷ ግራጫውን አፈር አውጥታ አንዱ ብርጭቆ ውስጥ ጣለች። ቀዩን ቁራሽ ሌላው ውስጥ። ከዚያ እጇን አጣምራ ቆመች። ግራጫው ቀስ እያለ ተፈታ፣ ውኃውን አደፈረሰው፣ ጭቃ ሆኖ ታች ተኛ። ቀዩ ምንም አልሆነም።

«ግራጫው ከአያ ላቀው አውድማ ሥር ነው» አለች። «ቀዩ ደመቀን የገደለው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የነበረ ነው። ሁለቱም ጭቃ ናቸው። አንዱ ጥሬ ነው፣ አንዱ እሳት በልቶታል።»

«በምን ታውቂያለሽ?» አላት ዳኛው። «አንቺ ፖሊስ ነሽ።»

ቀለል አድርጋ ልታልፈው ትችል ነበር። ከሐረገወይን ሰማሁ ብትል ማን ይጠይቃታል? ግን አያ ላቀውን አየቻቸው፣ አዎን ያሉበት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» አለች። «ገንቦና ጀበና ስትተኩስ ነው ያደግሁት። የበሰለ ሸክላ ምላስ ይይዛል፣ ሲመቱት ይጮኻል፣ ውኃ አይፈታውም። ለዚህ ምስክር አያስፈልገኝም።»

እዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቡዳ ነው የሚባለው፣ አብሮት የሚበላ የለም፣ እኩልነት ታውጆ እንኳ። ምናለ ጫማውን አየ። ስምንት ዓመት ከአንድ ሰሃን የበላ ልጅ ጫማውን አየ። እሷ ግን ቀጠለች።

ጭቃውን የተኮሰው ራሱ ጥቁሩ ድንጋይ ነው አለቻቸው፣ ይኼኛውን ሐረገወይን ናት ያስረዳቻት። ሰው ሳይፈጠር እዚህ ረግረግ ነበር፣ ዛፍ እየወደቀ፣ ጭቃ እየለበሰው ከሰል የሆነበት። ከዚያ መሬት ተሰንጥቆ የቀለጠ ድንጋይ ወጣና ረግረጉ ላይ ፈሰሰ። ሥሩ ያገኘውን ጭቃ ጠብሶ ሸክላ አደረገው። ስለዚህ ቀዩ ያለው ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ብቻ ነው፣ ገደሉ እግር ላይ፣ ደመቀ ይቆፍር የነበረበት። አናት ላይ ቀይ የለም። ራሷ ዞራ አይታለች።

«እንግዲህ ቀይ የያዘ ድንጋይ ከላይ ሊወድቅ አይችልም» አለች። «ከታች ነው የተነሳው፣ በእጅ። አያ ላቀው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ላይ ነበሩ። ለመወንጀል የቀረበባቸው ምስክርነት ነው ነጻ የሚያወጣቸው።»

ቢሻው አፉን በእጁ ያዘ።

ታች ማን ነበር? ቢሻው ማሽኑን ለቆ ቢሆን ሸለቆው ይሰማ ነበር። ሐረገወይን አይከል ናት። ጠባቂውና ምግብ አብሳዩ አብረው የሽሮ አተር ሲለቅሙ ውለዋል። ድንጋዩ ከላይ ሲለቀቅ አየሁ ያለ ግን አንድ ሰው አለ፣ ሊያየው የማይችለውን ነገር።

አምሳል አሮጌውን ደብተር ገልጣ አነበበች። «‹ከጋሼ የሻው የሰማሁት። የቀለጠ ድንጋይ በንጣፍ መሀል ሰርጎ ከገባ እንደ ድፎ ነው፣ እሳቱ ከላይም ከታችም ያቃጥላል። በላዩ ፈስሶ ከሄደ ግን እንደ እንጀራ ነው፣ ዓይኑ ከላይ ነው፣ የሚጠበሰው ሥሩ ብቻ ነው።›» ደብተሩን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ቅድም ስጠይቅዎ እንጃ ነው ያሉኝ። ራስዎ ያስተማሩትን። ጓድ ዳኛው ኮድ ነው እያለ የልጁን ስም ሲያጠፋ እንኳ ዝም አሉ።»

የሻው ብርጭቆውን ያያል። ቀዩን።

«ሪፖርቱ ላይ ድፎ ነው ብለው ነው የጻፉት አይደል?» አለችው፣ በጣም ቀስ ብላ። «ከላይም ከታችም ከሰል ሞልቷል ብለው።»

«እንደዚያ መስሎኝ ነው» አለ የሻው። «እግዜር ያውቃል መስሎኝ ነው። ከጻፍኩ በኋላ ነው ዓይኑን ያየሁት፣ ላዩ ላይ። ድፎ ቢሆን ከሰሉ ታፍኖ ይበስል ነበር፣ እንጀራ ከሆነ ግን ሥር ያለው አየር አግኝቶ ነዶ ዐመድ ነው፣ ላይ ያለው ደለል ኋላ የመጣ ነው፣ ከሰል የለውም። ግን ወረቀቱ ሄዷል። ከኔ በፊት የነበረው ሰው በተሳሳተ ሪፖርት አሻጥረኛ ተብሎ ተወሰደ። ጫማውን እንኳ ለሚስቱ አልመለሱላትም።»

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ማንም አላየውም።

«አትጻፈው አልኩት» አለ የሻው። «አንድ ዓመት ታገሥ፣ ጡረታ ልውጣ። ለመንኩት፣ እግሩን ያዝኩት። ጋሼ፣ አያ ላቀው የት ይግቡ አለኝ። እሳቸው እኮ በዱላ ያባረሩህ ናቸው አልኩት። ሳቀ። መሬታቸው ነዋ አለኝና ጎንበስ ብሎ መጻፉን ቀጠለ።»

ሁለት እጁን ዘርግቶ አያቸው፣ የሰው እጅ የሚያይ ይመስል።

«አልተነሳም» አለ። «ሹራቡን ለልደት እኔ ነኝ የገዛሁለት።»

ሐረገወይን ወደ ውጪ ወጣች። ከድንኳኑ ጀርባ ስታለቅስ ሁሉም ሰማት፣ ማንም አልተከተላትም። ምናለ ካቴና አውጥቶ ወደ የሻው ሄደ፣ የሻውም እንደ ታዛዥ ተማሪ እጁን ሰጠው። ዳኛው ስለ ቴሌግራሙ የሆነ ነገር አጉረመረመ፣ ከዚያ ውጭ ወጥቶ ሞተሩን አስጠፋ።

አምሳል አያ ላቀው ጋ ሄዳ ገመዱን በራሷ እጅ ፈታችው። ቋጠሮው ጠጥሮ ነበር፣ በጥርሷ ጭምር ጎተተችው። ወይንሸት ሮጣ ገብታ ጋቢውን አለበሰቻቸው። ይነሳሉ ብለው ጠበቁ፣ አልተነሱም።

«ልጁ ያነን የጻፈ እኔን ብሎ ነው?» አሉ።

«አዎ አያ። መሬትዎ እንዳይነካ።»

«እኔኮ ባቄላ ሲጠብስ አየሁት አንድ ቀን፣ ብቻውን። እናት የለውም ወይ ብዬ አስቤ፣ ግና አልጠራሁት።»

«እናት አለችው። ጎንደር። ዛሬ ሬሳውን ይወስዱላታል።»

አያ ላቀው የተላጠ አንጓቸውን ያሻሻሉ። ውጭ ሬሳውን መኪና ላይ ሲጭኑ ይሰማል፣ ቢሻው ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ ይላል፣ የተኛ ልጅ እንዳይነቃ የሚፈራ ይመስል።

«ትናንት ጧት አውድማው ላይ ሆኜ ቁልቁል አየሁት» አሉ አያ ላቀው። «ማንም አልሰማኝ፣ በሬዎቼ ብቻ። ድንጋይ ይብላህ አልሁት።» ቀና ብለው አዩዋት፣ ዓይናቸው ደርቋል። «እጄንስ ሸጋ አድርገሽ ፈታሽልኝ ልጄ። ይኸንን ማን ይፈታዋል?»

አምሳል ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ደመቀን የያዘችው መኪና ዳገቱን ወጥታ ወደ ጎንደር እስክትታጠፍ ድረስ ሁለቱም ከዚያ አልተነሱም።